የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር፦ ለተሳፋሪው ርካሽ፣ ለባለሱቁ እንደ ጣቢያው

ስለ አዲስ አበባ ቀላል ባቡር ሰው ሲጽፍ ብዙውን ጊዜ የሚያወራው ስለ ግፊያው ነው። ግፊያውን ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ለዛሬ ይቅር። እኔ የምገመግመው ሌላ ነገር ነው። ይሄ ባቡር መሀል ከተማ ላይ ለሚነግደው ሰው ምን አመጣለት? ለጀበና ቡና ሻጯ፣ ለምሳ ቤቱ፣ ለልብስ ሰፊው፣ አንድ ክፍል ሱቅ አከራይቶ ለሚኖረው ጡረተኛ። ባቡርም ሆነ መንገድ ሲሠራ ሁሌ የምንሰማው «ኢኮኖሚውን ያነቃቃል» የሚል ነው። እሺ ይሁን። ግን የማንን ኢኮኖሚ? የትኛውን ሰፈር? የመንገዱን የትኛውን ዳር?

ረጅም ጽሑፍ ለማትወዱ ውጤቱን አስቀድሜ ልንገራችሁ። እንደ መጓጓዣ ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ፣ ያውም ሲመጣ። ለሰፈር ንግድ ባለው ጥቅም ግን ከአምስት ሁለት ተኩል። እሱም አማካይ ነው፤ አንዳንድ ጣቢያ ላይ አራት ይገባዋል፣ አንዳንዱ ላይ ባዶ። ልዩነቱ ከሁለት ነገር ይመጣል። አንደኛ ባቡሩ ቶሎ ቶሎ መምጣቱ፣ ሁለተኛ የወረደው ሰው ሳይቸገር ወደ ሱቁ መሻገር መቻሉ። ኮንክሪቱና ሪባን ቆረጣው ብቻውን ለማንም እንጀራ አልሆነም።

ለረሳ ሰው ትንሽ ታሪክ። ግንባታው የተጀመረው በ2004 ዓ.ም. ነው። ወጪው 475 ሚሊዮን ዶላር፣ ከዚህ ውስጥ 85 በመቶው የቻይና ኤግዚም ባንክ ብድር። ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ የሚሄደው ሰማያዊው መስመር መስከረም 2008 ላይ ሥራ ጀመረ። ከአያት ጦር ኃይሎች የሚሄደው አረንጓዴው ደግሞ ሁለት ወር ሳይሞላ ተከተለው። የሁለቱ ርዝመት ሲደመር 34 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። 39 ጣቢያ፣ 41 ባቡር። ትኬቱ ሲጀመር እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። ያኔም ሆነ ዛሬ ከሚኒባስ ታክሲ ይረክሳል፣ በዚህ ማንም አይከራከረኝም።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉልኝ። ሁለቱ መስመሮች ከስታዲየም እስከ ልደታ አንድ ሀዲድ ነው የሚጋሩት። ስታዲየም፣ ለገሃር፣ ሜክሲኮ፣ ተግባረ ዕድ፣ ልደታ። እነዚህ አምስት ጣቢያዎች ላይ የሁለቱም መስመር ባቡር ይቆማል፣ ስለዚህ ከሌላው ቦታ ይልቅ ቶሎ ቶሎ ሰው ይወርዳል። ደግሞ እዚህ ጋ ሀዲዱ በድልድይ ላይ ነው የሚሄደው። ታች ያለው መንገድ በአጥር አልተከፈለም። ሰው ከደረጃው ይወርድና ወደፈለገው ዳር ይሄዳል፣ ኪሱ ውስጥ ያለው ብርም አብሮት ይሄዳል።

ሜክሲኮ ላይ ከደረጃው ትንሽ ራቅ ብላ ጀበና ቡና የምትሸጥ ልጅ አለች። ዕቃዋ ከረከቦት፣ ከከሰል ምድጃና ከአራት አምስት የፕላስቲክ በርጩማ አይበልጥም። ደንብ አስከባሪ መጣ ሲባል ሁሉንም በአፍታ ሰብስባ ትሰወራለች፣ ከደቂቃዎች በኋላ ምንም እንዳልተፈጠረ ተመልሳ እሳቱን ታራግባለች። ቡናዋ ወፈር ያለ ነው፤ ጤና አዳም ካላችኋት ጣል ታደርግላችኋለች። ስለ ባቡሩ ያላት ትንታኔ ደግሞ ከብዙ ባለሙያ ይሻላል። ባቡሩ ሲዘገይ የሚጠብቀው ሰው ቡና ስለሚጠጣ ይበጅሽ የለም ወይ አልኳት።

«ኧረ ጋሼ! የሚጠብቅ ሰው እኮ አይቀመጥም፣ ዓይኑ ሰዓቱ ላይ ነው። ከባሰበት ተናዶ ታክሲ ይይዛል። የኔ ደንበኛ የሚወርደው ነው። ባቡሩ ቶሎ ካደረሰው ቢሮ እስኪገባ አሥር ደቂቃ ትተርፈዋለች። ያቺን አሥር ደቂቃ እኔ ጋ ያጠፋታል። ከዘገየበት ግን እየሮጠ ነው የሚያልፈኝ፣ ሰላምም አይለኝ።»

በቃ ይሄው ነው። ጥናቶች ላይ «የጉዞ ጊዜ ቁጠባ» እየተባለ በገጽ ብዛት የሚተነተነው ነገር ሜክሲኮ ላይ በሲኒ ይለካል። ተሳፋሪው ያተረፈው ጊዜ የሆነ ቦታ ይወድቃል። አንዳንዱ እንቅልፍ ላይ ይወድቃል፣ አንዳንዱ ቡና ላይ። ጊዜው ካልተረፈ ግን የሚወድቅ ነገር የለም፣ ጣቢያው የቱንም ያህል ቢያምር።

ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ያለውን ምሳ ቤት ጠይቁ፣ ሌላ ታሪክ ነው የምትሰሙት። ተጋቢኖው እየፈላ ይመጣል፣ የጾም በያይነቱ ላይ ጎመኑና ቀይ ሥሩ አይጓደልም፣ ስድስት ሰዓት ተኩል ካለፈ ወንበር የለም። ባቡሩ ነው ወይ ያሞላልሽ ብላችሁ ባለቤቷን ብትጠይቋት ትስቃለች። ድሮም የኮሜርስ ተማሪ፣ የተግባረ ዕድ ተማሪ፣ የባንክ ሠራተኛ ነበር የሚበላው፣ ዛሬም እነሱ ናቸው። እውነቷን ነው። ከሜክሲኮ ወደ ሰንጋ ተራና ወደ ብሔራዊ ስትሄዱ የባንክ ዋና መሥሪያ ቤቶች ተደርድረው ታያላችሁ፣ የንግድ ባንክ ረጅሙ ሕንፃም እዚያው ነው። አንድ የዋህ ሰው ቢመጣ «ባቡር ተሠራ፣ ሰማይ ጠቀስ በቀለ» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ብሔራዊ ባንክ ግን ባቡሩ ሳይታሰብ በፊትም እዚያው ነበር፣ ባንኮቹም የሄዱት ወደ እሱ ነው። ሀዲድ የሚዘረጋው ሰው ባለበት ቦታ ነው፣ ስለዚህ ከሀዲዱ አጠገብ ያየነውን ዕድገት ሁሉ ሀዲዱ አመጣው ማለት አይቻልም። የኢኮኖሚ ሰዎች ዕድሜ ልካቸውን የሚጨቃጨቁት በዚህ ነው፣ እኔ ደግሞ በተጋቢኖ ጨረስኩት።

በነገራችን ላይ ጣቢያ አጠገብ መሆኑን ብቻ ተመክቶ ማኪያቶውን በሆቴል ዋጋ የሚሸጥ ካፌም አለ። ስሙን አልጠራም። ቢል ሲመጣልኝ ሁለቴ ነው ያነበብኩት፣ ማኪያቶው ደግሞ ለብ ያለ ነበር። እንዲህ ያለ ቤት ደንበኛ አያስፈልገውም፣ አላፊ አግዳሚ ይበቃዋል።

አሁን ከድልድዩ እንውረድ።

ሃያ ሁለት አካባቢ ሀዲዱ መሬት ላይ ነው፣ መንገዱን መሀል ለመሀል ሰንጥቆት ያልፋል። ግራና ቀኙ ታጥሯል። መታጠሩ ትክክል ነው፣ ባቡር እንደ ሚኒባስ ፍሬን ይዞ ባለበት አይቆምም። ግን አጥሩ አንድን ሰፈር ሁለት አደረገው። እዚያ አንድ ልብስ ሰፊ አሉ፣ ጋሼ ነው የምላቸው፣ ሱሪ ማሳጠርና ዚፕ መቀየር ላይ እጃቸው የተመሰከረለት ነው። ፊት ለፊታቸው ካለው ሕንፃ የሚመጡ ሠራተኞች ነበሩ ዋና ደንበኞቻቸው፣ በምሳ ሰዓት እየተሻገሩ ሱሪ የሚሰጡ፣ ማታ የሚወስዱ። ዛሬ ለመሻገር መሻገሪያው ጋ ድረስ መሄድ፣ ከዚያ ተመልሶ መምጣት ነው። ለአንድ ዚፕ ማን ይዞራል?

«አሁን በዓይን ብቻ ነው የምንተያየው ልጄ» አሉኝ መርፌው ውስጥ ክር እያስገቡ። «ባቡሩ ሲያልፍ ደግሞ እሱም ይቀራል።»

ጋሼ ባቡሩን አይጠሉትም፣ ራሳቸውም ይሳፈሩበታል። ሱቃቸው ያለው ግን በሁለት ጣቢያዎች መሀል ነው። ከግራም ከቀኝም የሚወርደው ሰው እሳቸው ጋ ሳይደርስ ያልቃል። የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይሄ ነው፤ በቀን ስንት ሺህ ሰው በአፍንጫቸው ሥር ያልፋል፣ አንዱም ደንበኛ አይሆንም። የሚገርመው እንዲህ ዓይነቱ ኪሳራ የትም ሪፖርት ላይ አይገባም። የተጓጓዘው ሰው ይቆጠራል፣ የተሸጠው ትኬት ይቆጠራል፣ ያልተሻገረውን ሰው ግን ማን ቆጥሮት ያውቃል? ከ2004 እስከ 2007 መንገዱ ተቆፍሮ በነበረበት ጊዜ በአቧራና በጭቃ ምክንያት ሱቃቸውን የዘጉትም አይቆጠሩም። እነሱ ጣቢያው ተመርቆ ሰው መውረድ ሲጀምር አልነበሩም፣ ቦታቸውን ሌላ ሰው ይዞታል፣ በሌላ ኪራይ።

መርካቶ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ሰማያዊው መስመር በአውቶቡስ ተራ፣ በሰባተኛና በጎጃም በረንዳ ያልፋል፣ ማለትም የገበያውን ጠርዝ ታክኮ ነው የሚሄደው። ከሳሪስና ከቃሊቲ የሚመጣ ችርቻሮ ገዢ በጥቂት ብር መጥቶ ፌስታሉን ሞልቶ ይመለሳል፣ ይሄ ቀላል ጥቅም አይደለም። ግን ባቡሩ የሚያመላልሰው ገዢውን ነው፣ ዕቃውን አይደለም። ዕቃው ዛሬም በአይሱዙ፣ በጋሪና በኩሊ ትከሻ ነው የሚገባው፣ የሚወጣውም እንዲሁ። ስለዚህ ባቡር ገባ ተብሎ የሽንኩርት ዋጋ ይወርዳል ብሎ የጠበቀ ሰው ካለ አሁንም እየጠበቀ ነው። የአትክልት ተራ ነገር ከተነሳ ደግሞ፣ ጣቢያው በስሙ ቀርቷል፣ የጅምላ ገበያው ግን በኮሮና ጊዜ ወደ ጃን ሜዳ፣ ከዚያም ወደ ሃይሌ ጋርመንት ሄዷል። ሀዲድ አይንቀሳቀስም፣ ገበያ ግን በአንድ ውሳኔ ይነሳል። (ሐውልትም ይነሳል። የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት ለባቡሩ ዋሻ ሥራ ሲባል በ2005 ዓ.ም. ተነስቶ በ2008 ነው ቦታው የተመለሰው። እሱ እንኳ ተመለሰ፣ ሽንኩርቱ አልተመለሰም።)

ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ፣ እሱም ድግግሞሽ ነው።

ባቡር በየ6 ደቂቃው ቢመጣ በሰዓት 10 ጊዜ ይመጣል። በየ20 ደቂቃው ቢመጣ 3 ጊዜ። ሀዲዱ ያው፣ ጣቢያው ያው፣ ዕዳው ያው፤ ሜክሲኮ ላይ የሚወርደው ሰው ግን ሲሶ ሆነ ማለት ነው። ተጨናንቆ ቢመጣ እንኳ ያን ያህል አያካክሰውም፣ ምክንያቱም 20 ደቂቃ ጠብቆ ተጋፍቶ የወረደ ሰው ቡና የሚጠጣበት ትዕግሥትም ጊዜም የለውም፣ የቡናዋ ልጅ እንዳለችው። ከ41ዱ ባቡሮች አብዛኞቹ በመለዋወጫ እጥረት እንደቆሙ በተደጋጋሚ የተዘገበ ነገር ነው። አያትና ቃሊቲ ባሉት የባቡር ማደሪያዎች (ዴፖዎች) የቆመ ባቡር ሁሉ መሀል ከተማ ላይ ያልተሸጠ ቡና፣ ያልተሸጠ ካልሲ፣ ያልተጠገነ ስልክ ነው።

ለምን ቆሙ? ምስጢር የለውም። ባቡሩ የሚሰበስበው ብር ነው፣ የሚያስፈልገው ዕቃ ደግሞ በዶላር ነው። ገቢው የሥራ ማስኬጃውን እንኳ እንደማይሸፍን ኃላፊዎቹም ያልደበቁት ጉዳይ ነው። መጀመሪያ ላይ ሥራውን ያስኬድ የነበረው የቻይናው ሼንዘን ሜትሮ ኩባንያ ነበር፣ ኋላ ለአገር ልጆች ተላለፈ፤ ሙያው ተላለፈ፣ ዶላሩ ግን አብሮ አልተላለፈም። ከዚያ ሐምሌ 2016 መጣ። ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከ60 ብር በታች የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የአንዲት ብሎን ዋጋ በብር ሲሰላ እጥፍ ገደማ ሆነ፣ ተሳፋሪው ግን ያው ተሳፋሪ ነበር፣ ደመወዙም ያው። ዕዳውም በዶላር ነው። እዚህ ላይ «ታሪፉን ጨምሩና ገላገሉን» የሚል አይጠፋም። ቆይ፣ ተረጋጉ።

ርካሽ ትኬት ማን ጋ ነው የሚደርሰው? መሀል ከተማ ባንክ ውስጥ የምታጸዳ ሴት አስቡ። ቤቷ ቃሊቲ ነው፣ ምክንያቱም መሀል ከተማ ኪራይ አይቀመስም። በግሉ ዘርፍ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የሚባል ነገር በሌለበት አገር ለትራንስፖርት የምታወጣው እያንዳንዱ ብር ከደመወዟ ላይ ትልቅ ድርሻ ነው። ባቡሩ ያስቀረላትን ብር ሜክሲኮ ላይ አታጠፋውም። ይዛው ትሄዳለች። ቃሊቲ ስትደርስ ጉልት ላይ ቲማቲም ትገዛበታለች፣ ለልጇ ደብተር ትገዛበታለች። ስለዚህ የርካሽ ትኬት ትሩፋት የሚታየው መስመሩ ጫፍ ላይ ነው፣ አያት፣ ቃሊቲ፣ ጦር ኃይሎች። መሀል ከተማ የሚያገኘው በሰዓቱ የገባ ሠራተኛ ነው። ይሄን ሁለቱን ሳይለዩ «ባቡሩ አትራፊ ነው ወይስ ከሳሪ?» ብሎ መጠየቅ ትርጉም የለውም። ትኬት ቤቱ ይከስራል፣ የቃሊቲዋ ጉልት ታተርፋለች።

ከጉልቷ የበለጠ የሚያተርፍ ግን አለ። አከራይ። ደላላ «ከባቡር ጣቢያው ሦስት ደቂቃ» ሲላችሁ ያቺ ሦስት ደቂቃ ዋጋ ወጥቶላታል ማለት ነው። ባቡሩን የሠራው የሕዝብ ገንዘብ ነው፣ ዕዳውን የሚከፍለው ሁሉም ግብር ከፋይ ነው፣ ኪራዩ ሲጨምር ግን የሚቀበለው ሕንፃው ያለው ሰው ነው። ሆንግ ኮንግ ይሄን ነገር በብልሃት ነው የያዙት። የሜትሮ ኩባንያቸው ጣቢያው ላይና ዙሪያው ሕንፃ ያለማል፣ የኪራዩና የሽያጩ ገቢ መልሶ ሀዲድ ይሠራል። እኛ አገር ደግሞ መሬት በሕገ መንግሥቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ የሚሸጠው ሊዝ ነው። ማለትም ጣቢያ ዙሪያ ያለውን የዋጋ ጭማሪ ወደ መለዋወጫ መቀየር ከማንም ይልቅ ለኛ ይቀል ነበር። የለገሃርና የሜክሲኮ መሬት ዋጋ ብሎን መግዛት አያቅተውም።

ይሄ የኛ ብቻ ችግር አይደለም። ዳሬሰላም እ.ኤ.አ. በ2016 የራሱ መስመር ያለው ፈጣን አውቶቡስ ጀመረች፣ ብዙ ሰው አወደሰው። ዴፖው ግን ጃንጓኒ የሚባል ጎርፍ የሚተኛበት ረባዳ ቦታ ላይ ነበር፣ ዝናብ ሲመጣ አውቶቡሶቹ እየተበላሹ ቁጥራቸው ቀነሰ፣ ወረፋው ረዘመ። መንገዱ አለ፣ ጣቢያው አለ፣ አውቶቡሱ የለም።

የትራንስፖርት ግንባታ ምን ያህል ኑሮ እንደሚቀይር ማየት ከፈለጋችሁ ደግሞ ከአዲስ አበባ መውጣት አለባችሁ። ስቴፋን ደርኮን፣ ጣሰው ወልደሐናና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት 15 የኢትዮጵያ መንደሮችን ተከታትለው ነበር። ክረምት ከበጋ የሚያስኬድ መንገድ ያገኙት ዘንድ ድህነት በ6.9 የመቶኛ ነጥብ ቀንሷል፣ የፍጆታ ዕድገት ደግሞ በ16.3 የመቶኛ ነጥብ ጨምሯል። ልብ በሉ፣ አስፋልት አይደለም፣ ድልድይ ላይ የተንጠለጠለ ሀዲድም አይደለም። ዝናብ ሲዘንብ የማይዘጋ መንገድ ብቻ ነው። ማዳበሪያው ሳይረፍድ ይገባል፣ እህሉ ዋጋ ሳይወድቅ ይወጣል። ቁም ነገሩ እዚያም ያው ነው፤ በሐምሌም መሥራቱ። ሐምሌ ላይ የሚቋረጥ መንገድና በየ20 ደቂቃው የሚመጣ ባቡር ወንድማማች ናቸው።

ለገሃር ስወርድ ሁሌ የሚያናድደኝ አንድ ነገር አለ። የይሁዳ አንበሳው ሐውልት ከድሮው ጣቢያ ፊት ለፊት ቆሟል። ከጅቡቲ የመጣው ሀዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ሰፈሩ በሙሉ በሱ ዙሪያ ነው የበቀለው፣ ሆቴሉም፣ መጋዘኑም፣ ቡና ቤቱም። መስከረም 2009 ላይ የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ግን ለገሃር አይደርስም፣ የሚቆመው ለቡ ነው። ቀላል ባቡሩ ደግሞ ለቡ አይሄድም። ስለዚህ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ በባቡር የመጣ ሰው ሻንጣውን ይዞ ታክሲ ይፈልጋል። ተጠቃሚው የለቡ ባለ ታክሲ ሆነ፣ የለገሃር ሆቴል ደግሞ እንግዳውን አጣ። እነዚህን ሁለት ባቡሮች ያላገናኘ ሰው ማን እንደሆነ ባውቅ ማኪያቶ እጋብዘው ነበር፣ ያንን ለብ ያለውን።

ከቦታ ምርጫ የሚመጣ ነገር ቀላል እንዳይመስላችሁ። ሐረር ከጥንት ጀምሮ የምሥራቁ ንግድ እናት ነበረች። የድሮው ሀዲድ ግን ተራራውን መውጣት ስለከበደው ከታች አለፈ። በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ከምንም ተነስታ ከተማ ሆነች፣ ነጋዴውም ጥገና ቤቱም እዚያው ከተመ፣ ሐረር ደጋው ላይ ሆና ታየዋለች። ያ ባቡር ሲደክምና ሲቆም ደግሞ የተጎዳችው ድሬዳዋ ነች። አዲሱ ጣቢያዋም ከከተማው ወጣ ብሎ ነው የተሠራው። ስለዚህ ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ያለች ቡና ሻጭ የሃያ ሁለቱን ልብስ ሰፊ ብታገኛቸው ብዙ የሚያወሩት ነገር ያገኛሉ።

ለተሳፋሪ የምለው አጭር ነው። ጠዋት ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ማታ ከአሥራ አንድ በኋላ ካልተገደዳችሁ አትሞክሩት። አራት ሰዓት ላይ ከስታዲየም ልደታ ብትሄዱ ግን መሀል ከተማን ከላይ እያያችሁ ነው የምታልፉት፣ በዚህ ዋጋ እንዲህ ያለ ጉብኝት የትም የለም። ዝርዝር ብር ያዙ። ስልካችሁን ከኋላ ኪስ አውጡት።

ሱቅ ለመከራየት ያሰባችሁ ካላችሁ ደግሞ ደላላው የሚነግራችሁን ደቂቃ ተዉት። አሥራ አንድ ተኩል ላይ ሄዳችሁ ደረጃው ሥር ቁሙና ሰው በየትኛው በኩል እንደሚፈስ እዩ። ከአንድ ደረጃ የሚወርደው ሰው በሙሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲታጠፍ ታያላችሁ፣ ብዙውን ጊዜ ወደ ታክሲ ተራው። ከዚያ መስመር በዘጠኝ እርምጃ የራቀ ሱቅ ግማሹን ገዢ ሊያጣ ይችላል። ሀዲዱ መሬት ላይ በሆነበት ቦታ ደግሞ መሻገሪያው የት እንዳለ ሳታዩ ቀብድ አትስጡ። ሳምንቱን ሙሉ ባቡሩ በስንት ደቂቃ እንደሚመጣም አጣሩ፣ ለዚህ ከቡና ሻጮቹ የተሻለ መረጃ የሚሰጣችሁ የለም፣ አንድ ሲኒ ግዙና ጠይቁ። ውሉን በተመለከተ፣ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የኪራይ ቁጥጥር አዋጅ ለመኖሪያ ቤት ነው፣ ሱቅን አይመለከትም። ስለዚህ ኪራዩ መቼና በስንት እንደሚጨምር ከመፈረማችሁ በፊት በጽሑፍ አስገቡ።